የቅርጫው ዕጣ



የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ በየቤቱ የሚሰማው ንግግር ሁሉ የበግና የዶሮ፣ የቅቤና የሽንኩርት ዋጋ ሆኖአል። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ለታኅሣሥ 29 ቀን የሚያስፈልገውን ከኅዳር ጀምሮ ካላሰበበት በዓሉን በብድር መዋሉ ነውና። እኔ ግን በዚህ ወር ስለ ዋጋ መጻፉን ትቼ፣ የ2017 ዓ.ም. ፋሲካን ከቤተ ሰቤና ከጎረቤቶቼ ጋር እንዴት እንደ ዋልሁ ልነግራችሁ ወደድሁ። ነገሩ የራሴን ጥፋት የሚገልጥ ስለ ሆነ ለብዙ ወራት ሳመነታ ቆይቼ ነበር። በመጨረሻ ባለቤቴ፣ «የሌላውን ቤት ጥል ስትጽፍ ቀለም አይጎድልህም፤ የራስህ ሲሆን ነው ብዕሩ የሚደርቀው?» ብላ ስለ ወቀሰችኝ ይኸው ጻፍሁት።

አባታችን ያረፉት በ2013 ዓ.ም. ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነው ሲያገለግሉ ኖረው ያቆሙት ቤት ጉለሌ ይገኛል። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ግቢው ግን ሰፋ ያለና ፊቱ ወደ መንገድ የሚመለከት ነው። ልጆቻቸው ሦስት ነን። ታላቅ ወንድሜ በ12 ዓመት ይበልጡኛል፤ ሥራቸው አናጢነት ነው፤ ከነባለቤታቸውና ከነልጆቻቸው እናታችንን እየጦሩ የሚኖሩት በዚያው ግቢ ነው። እኅታችን በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ ትኖራለች። የመጨረሻው እኔ ነኝ፤ ከከተማው በወዲያኛው ጫፍ በኮንዶሚኒየም ቤት እኖራለሁ።

እኅታችን፣ «የእኔ ድርሻ ለእማዬ ይሁን» ስላለች ነገሩ በሁለታችን ወንድማማቾች መካከል ቀረ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግቢውን እንካፈል ተባባልን። ታላቅ ወንድሜ የመንገዱን ዳር ለእንጨት ሥራቸው ፈለጉት፤ እኔ ደግሞ በዚያው ቦታ ሁለት ሱቅ ሠርቼ ላከራይበት አስቤ ነበር። እርሳቸው፣ «አባቴን ያስታመምሁ፣ ዛሬም እናቴን የምጦር እኔ ነኝ» አሉ። እኔም፣ «ለአባቴ መታከሚያ ገንዘብ ያወጣሁ እኔ ነኝ» አልሁ። ልብ ብላችሁ ብታዩት ሁለታችንም እውነት ተናግረን ነበር፤ የወንድማማች ጥል ክፋቱም ይኸው ነው፤ በሐሰት የሚከራከር ሰው አንድ ቀን ያፍራል፣ በእውነት የሚከራከር ግን የሚያፍርበትን ቀን አያገኝም።

ሽማግሎች ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን እኔ ሊባል የማይገባውን ቃል ተናገርሁ። «አባባን አስታመምሁ የሚሉን የቤት ኪራይ ሳይከፍሉ ስለ ኖሩ አይደለም ወይ?» አልሁ። ታላቅ ወንድሜ አልመለሱልኝም፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳንነጋገር ኖርን። እናቴን የምጠይቀው በሥራ ቀን፣ እርሳቸው ከቤት በማይኖሩበት ሰዓት ነበር። እናቴም በየጊዜው ቡና አፍልታ ታጠጣኛለች፤ ስለ ነገሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አንሥታብኝ አታውቅም።

በዚህ መካከል ሁለት ፋሲካ አለፈ። የ2015ቱን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ብቻ ዋልሁ። ዶሮው አልጎደለም፣ ድፎ ዳቦው አልጎደለም፣ ጠላውም ጥሩ ነበር። ነገር ግን አራት ሰው አንድን ዶሮ ከነ12 ብልቱ በጸጥታ ሲበላ ቤቱ የበዓል ቤት አይመስልም። «በሞቴ ይህችን» ብሎ የሚያጎርስ ሽማግሌ የለም፤ ተጣልቶ የሚያለቅስ የወንድም ልጅ የለም፤ ከሩቅ መጥቶ በር ላይ ጫማውን የሚያወልቅ ዘመድ የለም። ከቀኑ በአምስት ሰዓት ልጆቹ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ፤ እኔም ተኛሁ።

በ2016 ዓ.ም. ግን ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። የመሥሪያ ቤት ወዳጆቼን ከነቤተ ሰባቸው ጠራሁና ቤቱን ሞላሁት። ሳቁም ጨዋታውም ደመቀ፤ የባለቤቴን ወጥ አመሰገኑ፤ እኔም በልቤ «ወንድም ባይኖር ወዳጅ አለ» አልሁ። ዳሩ ግን ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ተነሣ፣ «እማማ ዘንድ ሳልደርስ ብቀር ይቀየሙኛል» አለ። ሁለተኛው የክርስትና አባቱ ቤት አክፋይ ማድረስ ነበረበት። ሦስተኛው ታናሽ እኅቱ ምሳ ሳትበላ እየጠበቀችው ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ከባለቤቴ ጋር ሳሕን እናነሣ ነበር። ለካስ ወዳጅ በበዓል ቀን ወደ ሰው ቤት የሚመጣው ከወገኑ ሰዓት ተበድሮ ነው! ወዳጆቼን አልወቅስም፤ እንዲያውም ያን ቀን ያደረጉት ሁሉ ትክክል ነበር። የሚሄድበት ያልነበረው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እርሱም በገዛ አፌ ነው።

የ2017 ዓ.ም. ሆሳዕና ባለፈ ማግስት እናቴ ስልክ ደወለች። እንደ ምን ዋልህ ካለችኝ በኋላ፣ «የቅርጫ መደብ በስምህ አስጽፌልሃለሁ፤ በሬው 95,000 ብር ተገዝቶአል፤ ዐሥር ቤት ነን፤ የአንተ 9,500 ብር ይደርስብሃልና ቅዳሜ ይዘህ ና» አለችኝ። ስለ ዕርቅ አልተናገረችም፤ ስለ ወንድሜም አላነሣችም። ሰው ዕዳ እንዳለበት ሲነገረው እንቢ ለማለት ይቸግረዋል። ብርም ስለ ሆነ፣ ስሜም ስለ ተጻፈ፣ እሺ አልሁ።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶቹ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እኔና ወንድሜ ሳንነጋገር በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ባለቤቴና የወንድሜ ባለቤት አንድም ቀን ተለያይተው አያውቁም ነበር። በርበሬውን አብረው ያስፈጩ ነበር፤ ቅቤ ሲወደድ ተካፍለው ይገዙ ነበር፤ የልጆቻችንን ልብስ ይለዋወጡ ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት በዚያ ቅዳሜ ወደ ጉለሌ ስንሄድ ባለቤቴ፣ «የሽንኩርቱን ግማሽ እኔ ከትፌ ማምጣት አለብኝ፤ ትናንት ተስማምተናል» ባለችኝ ጊዜ ነው። ሽንኩርቱ በትልቅ ቅል ተሞልቶ በመኪናው ውስጥ ሲሸት፣ የእኛ የወንዶቹ ጥል ምን ያህል ባዶ ቤት ውስጥ ይጮኽ እንደ ነበር ተሰማኝ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 11 ቀን ቀዳም ሥዑር ነበር። ካህናቱ ያደሉትን ቄጤማ እናቴ በግንባርዋ ዙሪያ አሥራ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። እርስዋ በዚህ ዕድሜዋ ዛሬም አክፍሎት ትይዛለች፤ ከዓርብ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም ነበር። ልጆቼ አያታቸው ለምን እንደማትበላ ሲጠይቁ፣ «ሌሊት አብረን ልንበላ ነው» አለቻቸው። ታላቅ ወንድሜ ከጓሮ ቢላዋ እየሳሉ ነበር፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ፤ እኔም እንዲሁ አደረግሁ።

ሌሊቱን በቅዳሴ አሳልፈን በዘጠኝ ሰዓት ወደ ቤት ተመለስን። ጾሙ 55 ቀን የቆየ ሆድ በአንድ ጊዜ በወጥ እንዳይጎዳ አስቀድሞ ተልባ ተጠጣ፤ ከዚያ በኋላ መሶቡ ቀረበ። በዚያች ሰዓት እኅታችን በስልክ መጣች። በመካከላችን የሰባት ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ እኛ ስንገድፍ በዋሽንግተን ገና ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ነጭ ልብስዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ተነሥታለች። በ2017 የእኛ ፋሲካና የምዕራባውያን ፋሲካ በአንድ ቀን ስለ ዋሉ፣ «ዘንድሮ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሳልነግራቸው እንኳን አደረሰሽ አሉኝ» ብላ ደስ አላት። ሌላ ጊዜ የእርስዋ ፋሲካ ለጎረቤቶችዋ ተራ እሑድ ነው። ስልኩን በመሶቡ ዙሪያ ስናዞር ከእኔ እጅ ወደ ታላቅ ወንድሜ እጅ ማለፍ ነበረበት። ሁለታችንንም በአንድ መስኮት ስታየን ዝም አለች፤ ቀጥላም፣ «ቄጤማው አለ?» ብላ ሌላ ነገር ጠየቀች።

በአንድ መሶብ በላን። ነገር ግን ሁለታችንም እጃችንን ወደ ሌላው ጎን አላሳለፍንም። አባታችን በሕይወት ሳሉ ለአባወራ የሚሰጠው ፈረሰኛ ለእርሳቸው ነበር የሚወጣው። እናቴ ያንን ብልት አውጥታ እንጀራው መካከል ላይ አኖረችው፤ ለማን እንደ ሆነ አልተናገረችም። ታላቅ ወንድሜ አልነኩትም፤ እኔም አልነካሁትም። እንዲያ ተቀምጦ ሳለ የሰባት ዓመቱ ልጄ እጁን ሰድዶ አንሥቶ በላው። እናቴ ሳቀች። ሌላው ሁሉ መሳቅ ይገባው እንደ ሆነ አላወቀም ነበር።

አሁን ወደ ቅርጫው ልምጣ። ብዙ ወጣቶች ዛሬ ሥጋ የሚያውቁት ከሉካንዳ በኪሎ ተመዝኖ ስለ ሆነ፣ አሠራሩን በዝርዝር ብናገር አይሰለቻችሁም ብዬ አስባለሁ።

በሬው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰማዩ ገና ሲነጋ ታረደ። ከተገፈፈ በኋላ ሥራው የብልት አውጪው ነው። ቀድሞ ይህ ሥራ የአባታችን ነበር፤ ከእርሳቸው ዕረፍት ወዲህ ታላቅ ወንድሜ ይዘውታል። ጨፈቃው በግቢው መካከል ተነጠፈ፤ በላዩም ዐሥር መደብ ተጀመረ። የቅርጫ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ለአንዱ ሻኛ፣ ለአንዱ ጎድን፣ ለአንዱ ወርች መስጠት የለም። ከእያንዳንዱ ብልት በየመደቡ ይደርሳል። ሻኛው በዐሥር ይቆረጣል፤ ዳቢቱ፣ ሽንጡ፣ ፍሪምባው፣ ታላቁና ታናሹ በዐሥር ይቆረጣሉ። ጭቅና ትንሽ ናት ተብላ ለአንድ ሰው አትታለፍም፤ እርስዋም በዐሥር ትቆረጣለች፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የሁለት ጉርሻ ያህል ቢሆንም። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ኩላሊቱ እንዲሁ ነው። አጥንቱ እንኳ ሥጋ የበዛበትና ያነሰበት ተቀያይጦ ይደለደላል። ቆዳው ቀድሞ ተሽጦ የአራጁን ዋጋ ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ ዋጋው ስለ ወደቀ ለአራጁ ብር ማዋጣት ግድ ሆኖአል።

ታላቅ ወንድሜ ያን ሁሉ ሲሠሩ ቆሜ አየኋቸው። አንዱን ቁራጭ ከሦስተኛው መደብ አንሥተው ወደ ሰባተኛው ያዛውራሉ፤ ጥቂት ርቀው ይቆማሉ፤ አንገታቸውን ያዘነብላሉ፤ ተመልሰው ጣት የምታህል ስብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጨምራሉ። የጣውላ ጠርዝ በዓይናቸው ሲለኩ የሚያደርጉት እንዲሁ ነበር። ከጎረቤቶቻችን ከፊሉ በቦታው አልነበሩም። አንደኛው ቤተ ሰብ ሰፈሩን ለቅቆ ቱሉ ዲምቱ ገብቶአል፤ ከዚያ ድረስ ሁለት ታክሲ ቀይረው የሚመጡት ለቅርጫው ነው፤ ገናም አልደረሱም ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤት ደግሞ ሙሉውን መክፈል ስለማትችል ከሌላ ቤት ጋር ግማሽ መደብ ይዛለች፤ እርስዋም በቤትዋ ነበረች። ነገር ግን የሌሉት ሰዎች መደብ ከቆሙት ሰዎች መደብ በምንም አያንስም ነበር። ሊያንስም አይችልም፤ የትኛው የማን እንደ ሆነ ብልት አውጪው ራሱ አያውቅምና። ለራሱ የሚደርሰውንም አያውቅም።

መደቡ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ቤት ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የጠርሙስ ቆርኪ። ታላቅ ወንድሜ ሚስማር ሰጡ። እኔ የሚሆን ነገር ከኪሴ ስላጣሁ ከካፖርቴ አንድ ቁልፍ በጥሼ ሰጠሁ። ምልክቶቹ ሁሉ ባርኔጣ ውስጥ ገቡ። ዕጣ የሚጥለው ድርሻ የሌለው ሰው መሆን አለበት። በአባታችን ዘመን ይህን የሚያደርጉት ሙስሊም ጎረቤታችን ሐጂ ነበሩ፤ ከሥጋው ስለማይበሉ ማንም አይጠረጥራቸውም ነበር፤ እናታችንም ለእርሳቸው የሚሆን ድፎ ዳቦ ለይታ ትጋግራለች፤ ዛሬም አልተወችም። እርሳቸው አርጅተው ከቤት መውጣት ስላበዙ፣ አይ፣ መውጣት ስለ ተሳናቸው፣ በዚህ ፋሲካ ዕጣውን የጣለው ልጄ ነበር። እየሮጠ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ምልክት አኖረ። የእኔ ቁልፍ በአምስተኛው ላይ፣ የወንድሜ ሚስማር በስድስተኛው ላይ ወደቀ። ማንም «የእኔ አነሰ» አላለም። በልጅነቴም በቅርጫ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሥጋዬን በሳፋ አድርጌ ቆሜ ሳለሁ ሁለቱን መደቦች ጎን ለጎን ተመለከትሁ። ታላቅ ወንድሜ ከእኔ ጋር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያልተነጋገሩ ሰው ናቸው። የሰደብኋቸው እኔ ነኝ። ቢላዋው በእጃቸው ነበር። ዳሩ ግን በአምስተኛው መደብ ላይ ያ ስድብ አልነበረም፤ ሻኛውም፣ ጭቅናውም፣ ጣት የምታህለዋም ስብ ሳትቀር ነበረች።

በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው ያዝዝለት ዘንድ ጌታችንን እንደ ለመነ ተጽፎአል። ጌታችን አካፋያቸው ሊሆን አልወደደም፤ ይልቁንም ስለ መጎምጀት አስጠነቀቃቸው። ይህን ምዕራፍ በጥሉ ጊዜ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የማነበውም ወንድሜን ለመውቀስ ነበር። በመጽሐፈ ኢያሱ በ18ኛው ምዕራፍ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሴሎ ምድሪቱ ለሰባቱ ነገዶች በዕጣ ስትከፈል፣ ዕጣው ከመጣሉ በፊት ሰዎች ተልከው ምድሪቱን ዞረው አይተው በሰባት ክፍል ጽፈው ተመልሰዋል። መከፋፈሉ አስቀድሞ፣ ዕጣው በኋላ መጣ። እኔና ወንድሜ ግን ግቢውን ሳንከፍል በፊት ማን የትኛውን እንደሚወስድ ስንከራከር ነበር። ቢላዋው ሥጋውን ሳይነካ ሻኛው የእኔ ነው እንደ ማለት ነው።

ከቀትር በኋላ፣ ጥብሱ ከተበላ፣ እንግዶቹም ከመጡ ከሄዱ በኋላ፣ ታላቅ ወንድሜ በጓሮ ቢላዋዎቹን ያጥቡ ነበር። ሄጄ ውኃ አፈሰስሁላቸው። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ፣

«ወንድም ጋሼ፣ በዚያን ቀን በሽማግሎች ፊት ለተናገርሁት ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«ጆሮዬ ሰምቶታል» አሉ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።»

ይህ ብቻ ነበር መልሳቸው። ውኃውን ማፍሰስ ቀጠልሁ። ደግሞም፣

«ግቢውን እንደ ዛሬው ቢመድቡትስ? ይመድቡት፤ ዕጣውን ሌላ ሰው ይጣለው። የደረሰኝን እወስዳለሁ» አልሁ።

ቢላዋውን በጨርቅ እየጠረጉ ጥቂት ዝም አሉ። እኔ እሺታ ወይም እንቢታ እጠብቅ ነበር፤ እርሳቸው ግን ያሉት ሌላ ነው።

«የመንገዱን ዳር ለአንድ ሰው፣ የጓሮውን ለአንድ ሰው አድርጌ ዕጣ ባስጥል፣ እርሱ ዕጣ አይደለም፤ ቁማር ነው። ቅርጫ እንዲህ አይመደብም።»

በዳግማይ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 19 ቀን፣ እንድመጣ ቀጠሩኝ።

በቀጠሮው ቀን ስደርስ የአናጢ ሜትራቸውን፣ ሲባጎና አራት ችካል አዘጋጅተው አገኘኋቸው። የግቢው ፊት በመንገዱ በኩል 14 ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ ጓሮ 22 ሜትር ነው። እስከዚያን ቀን ድረስ እኛም ሽማግሎቹም ግቢውን ስናስብ ፊትና ኋላ አድርገን እንጂ በሌላ መንገድ አስበን አናውቅም፤ ግቢው በጥንት ጊዜ በአንድ አጥር ፊትና ጓሮ ተብሎ ስለ ተከፈለ ዓይናችን እርሱን ለምዶ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ግን ሲባጎውን ከመንገዱ ጀምረው በመካከል ወደ ጓሮ ዘረጉት። ለእያንዳንዱ 7 ሜትር የመንገድ ዳር፣ ለእያንዳንዱ 22 ሜትር ርዝመት ሆነ፤ ሁለቱም ከፊቱም ከኋላውም አገኙ። የእናታችን ቤት መካከል ላይ ስላለ ሲባጎው በጣራው ላይ አለፈ፤ እርስዋ በሕይወት እስካለች ድረስ ቤቱ እንዳይነካ ተስማማን። የእኔ ሁለት ሱቅ አንድ ሆነ። የእርሳቸውም የእንጨት ሥራ ቤት ጠበበ፤ ረጅሙን ጣውላ ለመሰንጠቅ ጠረጴዛቸውን ማዞር ይኖርባቸዋል። ሁለታችንም ከተመኘነው ያነሰ ነው የደረሰን፤ ይህንንም ሁለታችንም እያየን ነው የተስማማነው።

ይህን ስጽፍ ዕጣ ለጥል ሁሉ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። የሰው ድርሻ በጉልበት የተወሰደበት፣ ወይም ወላጅ የተጎሳቆለበት ቤት አለ፤ በዚያ የሚያስፈልገው ዳኛ ነው እንጂ ባርኔጣና ቁልፍ አይደለም። የእኛው ግን ሁለት ሰዎች አንድ ሻኛ ሙሉውን የፈለጉበት ጥል ነበር።

ዕጣውን የሚጥል ድርሻ የሌለው ሰው ሲፈለግ እናታችን፣ «ሐጂ ይምጡ» አለች። የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ዓይናቸው ደክሞአልና እናታችን፣ «አሁንማ ከእርስዎ የሚሻል ዕጣ ጣይ የለም፤ ቢፈልጉም ማዳላት አይችሉ» ብላ አሳቀቻቸው። ሚስማሩንና ቁልፉን በመዳፋቸው ዳበሷቸው። ቁልፉን በግራው ችካል፣ ሚስማሩን በቀኙ ችካል አኖሩ። በቀኙ በኩል የውኃው ቧንቧ አለ፤ በግራው ያለው መጸዳጃው ነው። ታላቅ ወንድሜ ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥለው፣ «ቧንቧውን ወደ አንተ በኩል እስቡልሃለሁ፤ የመጸዳጃውን ቁልፍ ግን ለእኛም ታስቀርጽልናለህ» አሉኝ። ሽማግሎቹ በወረቀት ጻፉት፤ በቢሮ በኩል ያለው ጉዳይ ገና ረጅም መንገድ አለው።

ከዚያ ወዲህ የበጋው ወራት አልፎ ክረምቱም ወጥቶአል። የገናው ቅርጫ በዚያው ግቢ ነው። ዐሥሩ ቤት ተሰብስቦ የዘንድሮውን ገንዘብ ሰብሳቢ እኔን መርጦኛል፤ ታላቅ ወንድሜ ናቸው የጠቆሙኝ። ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ የከፈሉት አራት ቤት ብቻ ናቸው፤ የቱሉ ዲምቱዎቹ ከሁሉ ቀድመው ከፍለዋል፤ ታላቅ ወንድሜ ግን አልከፈሉም፤ ነገ ልደውልላቸው ነው።